«አብሽር» ብለን የደበቅነው

በዚህ ወር ልናወጋችሁ አስበን የነበረው ስለ ልጆች የዕረፍት ጊዜ አያያዝ ነበር። ነገር ግን ከወደ መርሳ የተላከ አንድ ደብዳቤ ደረሰንና ይህ ይቀድማል ብለን የልጆቹን ነገር ለሌላ ጊዜ አሳደርነው። የደብዳቤው ባለቤት ስሟም ሆነ የምትሠራበት ቦታ እንዳይገለጽ አደራ ስላለችን፣ ምልክት ሊሆን የሚችለውን አውጥተን ዋናውን ብቻ እነሆ፦

«ከተመረቅሁ ወዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ ሰብስቦ ወደ በላይ አካል በማስተላለፍ ሥራ ላይ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለን። አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቁጡ ናቸው። ‹የሁሉም ቀበሌ ሪፖርት እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ› ሲሉ፣ ሦስቱ ቀበሌዎች ኔትወርክ እንደሌላቸው፣ መኪናም እንደማይገባባቸው እያወቅሁ ‹እሺ› እላለሁ። ሐሙስ ሲደርስ አርባ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሜ ተጠርቶ እወቀሳለሁ። ባለፈው ጊዜ መውጫ ሳጣ፣ ሪፖርቱ ያልደረሰውን የአንዱን ቀበሌ ቁጥር ካለፈው ወር ላይ ወስጄ ትንሽ ለወጥ አድርጌ ሞላሁት። ቁጥሩ የችግረኛ አባወራዎች ቁጥር ነው። አለቃዬም ‹ጎበዝ!› አሉኝ። ያ ‹ጎበዝ› እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ታላቅን ሰው ‹አይሆንም› ማለት ደግሞ ከአደብ መውጣት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ያነበብሁት ስለ አንቺ ብቻ እያሰብሁ አልነበረም። እኔም እንዲህ ያለ «እሺ» አለብኝና።

በወጣትነቴ ወልድያ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ረዳት ነበርሁ። ዓመቱን ልተወው። የበልጉ ዝናብ መጣሁ ብሎ ቀረና ገበሬው በሚያዝያ የዘራው ማሽላ በቅሎ ደረቀ። ቆላውን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ያ ማሽላ ብዙ ወር ሜዳ ላይ የሚቆይ ነው፤ አንዴ ከከሸፈ በሐምሌ መልሰው ቢዘሩት አይደርስም። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ዘር ተገዝቶ በሐምሌ መጀመሪያ እንዲከፋፈል ተወሰነ። ዘሩ መጥቶ ግምጃ ቤት ገባ። መኪናውም ተዘጋጅቷል። የጎደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። ፈራሚው ለስብሰባ ደሴ ወርደዋል፤ ነገ ይመለሳሉ ተባለ።

አለቃችን በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ዘሩ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። እኔም «አብሽሩ ጋሼ፣ አልቋል» አልኋቸው። ውሸት ልናገር አስቤ አይደለም። ፈራሚው ነገ ይመጣሉ፣ ነገ ደግሞ ያልቃል፤ ስለዚህ እንዳለቀ ይቆጠራል የሚል ሒሳብ ነበር በልቤ። በማግሥቱ ፈራሚው አልመጡም። አሁን ደግሞ «ትናንት አልቋል ያልሁት አላለቀም» ማለት አለብኝ። ያ ከመጀመሪያው የበለጠ ከበደኝ። አንድ ቀን ሁለት፣ ሁለትም አራት እያለ ፈራሚው በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። አለቃዬ ነገሩን ሲሰሙ አልጮኹም። «ደሴ ስልክ አለ እኮ» ብቻ ነበር ያሉት። አንድ ጊዜ ቢደውሉ ያልቅ ነበር ማለታቸው ነው።

ዘሩን ይዘን ቆላ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ወደ ጆንያው ቀርበው ዘሩን በመዳፋቸው ዘገን አድርገው አዩትና መልሰው አፈሰሱት። «ልጄ፣ ዘሩ ጥሩ ነው። ዝናቡ ግን አንተን አልጠበቀም» አሉኝ። ከዚያም ቤታቸው አስገብተው ቡና ጀባ አሉኝ። የወሎ ሰው አይደሉ! ያንን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት ዛሬም አስታውሳለሁ።

ለመሆኑ በየመሥሪያ ቤታችን «እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው? «ሰምቻለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «ተስማምቻለሁ» ማለትም ይሆናል። «አደርገዋለሁ» የሚለውም አለ። አራተኛው ደግሞ «ከፊትዎ ልሂድልዎት» ነው። አለቃው ሦስተኛውን ይሰማል፤ ሠራተኛው አራተኛውን ብሎ ይወጣል። ሐሙስ ዕለት ጠብ የሚነሣው ሰኞ ዕለት በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስለተነገረ ነው። «ኢንሻአላህ» የሚለውን ታላቅ ቃል እንኳ እምቢታችንን መሸፈኛ አድርገነው የለም? ቀጠሮ ላይ የማይመጣ ሰው ነው አብዝቶ የሚለው።

«አብሽር» ደግሞ የእኛው የወሎዎች ነው። ከዐረብኛ መጥቶ እዚሁ አገር ሆኖ ቀርቷል። የታመመ ሰው ዘንድ ስንገባ አብሽር እንላለን፤ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ከብቱ ለሞተበት፣ ልጁ ርቆ ለሄደበት ሁሉ አብሽር ነው። ሌላ አገር እንዲህ ሰው የሚያቆም ቃል መኖሩን እንጃ። ሰው ማጽናኛው ቃል ግን መኪናው የት ደርሷል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠውን ቃል፣ መረጃ ለጠየቀ ሰው ስንሰጠው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ወሰድንበት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ «አብሽር» የሚባል የማሽላ ዘርም አለ። «ጎብዬ» ከሚባለው ወንድሙ ጋር ለገበሬው ከተለቀቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው የሚነቃው። እነዚህ ዝርያዎች ያንን ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሚያወጡ ጠላት ሳይነቃባቸው ያድጋሉ። በአቀንጭራና በማሽላ ላይ በተሠራው ሥራ የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ታዲያ የዘሩን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሎ የሚደርሱ ማሽሎች አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። የሀብሩና የራያ ገበሬ ደግሞ ማሽላን ለእህሉ ብቻ አይዘራም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤት መሥሪያም ነው። ባለሙያው «ምርቱ ስንት ኩንታል ነው?» ሲል ገበሬው «አገዳውስ?» ይላል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ጥያቄ የሚሰማ ከሌለ፣ ገበሬው ስብሰባው ላይ «እሺ» ይልና የለመደውን ዘር ይዘራል። እዚያው ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት ገበሬው ራሱ ማሳ ላይ ዝርያ እንዲመርጥ ማድረግ የጀመሩት ከዚህ ዓይነቱ «እሺ» ተምረው ነው። ከመርሳ የግብርና ኮሌጅ ተመርቀው በየቀበሌው የሚመደቡ ወጣቶችም ይህን ቶሎ ቢያውቁት ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እህቴ፣ ቁጥሩ የችግረኞች ቁጥር ነው ብለሻል። ከዚህ ላይ ነው እኔም ብዕሬን አስቀምጬ የቆየሁት። የተቀመጥሽበትን አገር ታሪክ ታላላቆችሽን ጠይቂ። በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ከሽፎ የየጁና የራያ ቆላ ሲራብ ሰዎች ከየመንደሩ ወጥተው በዋናው መንገድ ዳርና በየከተማው ተሰበሰቡ። በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ያያቸው ነበር። መንግሥት ግን ረሃብ አለ ብሎ አላወጀም። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አይተውና ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር። ስንት ሰው እንደሞተ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል። ግምቱ ራሱ እንዲህ መራራቁ ማንም በወጉ እንዳልቆጠራቸው ይናገራል። በ1966 የተቋቋመውና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በሊቀ መንበርነት የመሩት መርማሪ ኮሚሽንም ከመረመራቸው ጉዳዮች ዋናው ይኸው የወሎ ረሃብ ነበር። ማን ያውቅ ነበር? መቼ አወቀ? ለማን ነገረ? ጥያቄው ይህ ነው።

ይህን የምጽፈው አንቺን ከእነዚያ ባለሥልጣናት ጋር ላስተካክል አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ነገር ግን ያን ጊዜም ከመንደር እስከ ቤተ መንግሥት ባለው መሰላል ላይ በየደረጃው የቆሙት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቁጣ ፈራ፤ ሌላው ሹመቱ አሳሰበው፤ ሌላው ደግሞ «ከኔ በላይ ያለው ያውቀዋል» አለ። ክፉ ወሬ ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየተላጠ፣ ጫፍ ሲደርስ «አብሽሩ፣ ሁሉ ደኅና ነው» ሆኖ ይደርሳል። ዛሬ ደግሞ የወልድያና የአካባቢው ነገር አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ባለው የጦርነት ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ቀድሞ የተቆጠረውን ማመሳከሪያ በጠፋበት ቦታ ዛሬ የሚጻፈው ቁጥር የነገው መነሻ ይሆናል።

ይህ የድሃ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ደሴት በቴኔሪፍ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጉም ነበር። የሆላንዱ አውሮፕላን ሊነሣ ሲንደረደር፣ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። አብራሪው በአየር መንገዱ የተከበረ አንጋፋ ካፒቴን ነበር፤ በልበ ሙሉነት «አዎ» አለ። መሐንዲሱ ደግሞ አልጠየቀም። ያለፈው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ የዓለም አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን በሌላ መንገድ ያሠለጥኑ ጀመር። ትንሹ ለትልቁ እንዴት ይናገራል? ትልቁስ ትንሹን እንዴት ይሰማል? ይህ ትምህርት ሆነ። እንግዲህ መናገር በተፈጥሮ የሚሰጥ ድፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በክፍል ውስጥ ባላስተማሩት።

የአደብን ነገር አንሥተሻል። ጥሩ አንሥተሻል። ሁድሁድን አስታውሺ። ወፍ ናት፤ የምታገለግለው ደግሞ ነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ነው። ከሰልፉ ጠፍታ ቁጣ ሲጠብቃት፣ ቀርባ እርሳቸው የማያውቁትን እርሷ እንደምታውቅ ተናገረች፤ ከሰበእ የተረጋገጠ ወሬ አመጣሁ አለች። ሱለይማንም በወፍ ተነገረኝ ብለው አልተቆጡም፤ ወዲያው አመንሁም አላሉም። እናጣራለን አሉና ደብዳቤ አስይዘው መልሰው ላኳት። ሠራተኛዋም አለቃውም በዚያ ታሪክ ውስጥ አሉ። አደብ በአነጋገራችን ላይ የሚታይ ነገር ነው እንጂ እውነቱን ማስቀረት አይደለም።

እንግዲህ አነጋገሩ እንዴት ይሁን? እኔ ካየሁት፣ አብዛኛው ነገር የሚበላሸው በሰዓቱና በቦታው ነው። ቁጡ ሰው አርባ ሰው ፊት «አይቻልም» ሲባል ነገሩን ትቶ ክብሩን ይጠብቃል። ስለዚህ ሰኞ ስብሰባው ላይ ከመናገር፣ ከስብሰባው በፊት ጠዋት ቢሯቸው ሳይጨናነቅ ግቢ። ሰላምታውን በወጉ አድርሺ። ከዚያ በቀጥታ ተናገሪ፤ «እንዲያው አንድ ነገር ነበር… ምናልባት…» እያልሽ አትዙሪ፤ ዙሪያው ሲበዛ ሰሚው ይሰለቻል። ለምሳሌ እንዲህ ብትይ፦

«ጋሼ፣ የዚህ ሳምንት ሪፖርት የሌሎቹን ቀበሌዎች ሐሙስ አስረክባለሁ። የሦስቱን ግን እስከ ሐሙስ ማድረስ አልችልም። ኔትወርክ የለም፣ መኪናም አይገባም። ወይ ሞተር ይመደብልኝና ማክሰኞ ሰው ይሂድ፤ ወይ ‹የሦስቱ አልደረሰም› ተብሎ ይላክና በሚቀጥለው ሳምንት ይሟላ። የቱን ይመርጣሉ?»

ልብ በይ፤ «አልችልም» የሚለው ቃል እንዳለ አለ። አልተቀባባም። ግን በፊቱ የምትችዪው ተነግሯል፤ በኋላው ደግሞ መውጫ መንገድ ተቀምጧል። ውሳኔውም የእርሳቸው ሆነ። ብዙ ቁጡ አለቆች የሚቆጡት መጥፎ ወሬ ስለሰሙ ብቻ አይደለም፤ አርፍደው ስለሰሙት ነው። ሰኞ የተነገረ ችግር ሦስት ቀን አለው። ሐሙስ ማታ የተነገረ ችግር ግን ወቀሳ ብቻ ነው ያለው።

ቢቆጡስ? ሊቆጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ አትከራከሪ፤ አታልቅሺም። «እሺ፣ ተረድቻለሁ፤ ለማስታወሻ በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብለሽ ውጪ። ከዚያ ያንኑ ያልሽውን በአራት መስመር ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽ፣ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ ግልባጩን ያዢ። ወረቀቱ ለክስ አይደለም። ሰው ይረሳል፤ እርሳቸውም ይረሳሉ፤ አንቺም ትረሺያለሽ።

ሪፖርቱን በተመለከተ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ባዶ ሳጥንና «0» አንድ አይደሉም። «0» ማለት ቆጥሬ አንድም ችግረኛ አላገኘሁም ማለት ነው። ባዶው ላይ «መረጃ አልደረሰም» ብሎ መጻፍ ደግሞ ገና አላወቅሁም ማለት ነው። በላይ ያለው ሰው ሁለተኛውን ሲያይ ይደውላል፤ ይጠይቃል፤ ሰው ይልካል። የተሞላ ቁጥር ሲያይ ግን ያልፈዋል። ያቺ ቀበሌ አሁን የታለፈችው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የከበደውን ልናገር። የሞላሽውን ቁጥር ማረም አለብሽ። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ይስተካከላል ብለሽ አትጠብቂ፤ እኔም ነገ ይፈርማሉ ብዬ ነበር። ለአለቃሽ ብቻቸውን ሆነው ሳሉ ንገሪ፦ «በዚህ ቀን በላክሁት ላይ የአንዱ ቀበሌ ቁጥር ከቀበሌው የመጣ አይደለም፤ እኔ ካለፈው ወር ወስጄ ነው የሞላሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። የማረሚያውን ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ።» ደብዳቤውን አስቀድመሽ ጽፈሽ ያዢ። ቅጣት ሊኖር ይችላል፤ የለም ብዬ አላታልልሽም። የደመወዝ ቅጣት ወይም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ የምታምኛትን አንዲት የሥራ ባልደረባ ይዘሽ ግቢ። ቤትም ውስጥ ለእናትሽ ወይም ለባለቤትሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በሆዱ ይዞ ሲውል መልኩ ይጠቁራል።

ይህን ዓምድ የምታነቡ አለቆችም አላችሁ። ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። «ጎበዝ» የምትሉት ለማን ነው? ቶሎ ላመጣው ነው ወይስ እውነቱን ላመጣው? ሠራተኞቻችሁ ይህንን ከናንተ አፍ ሳይሆን ከ«ጎበዛችሁ» ነው የሚማሩት። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ በስም ጠርቶ መውቀስም ሰው አያርምም፤ የሚቀጥለውን ስሕተት መደበቅ ያስተምራል። በኢሕአዴግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር፤ ያሳለፍነው እናውቀዋለን። ሰው ፊት መነሣት ባህል ሲሆን ሁሉም ለራሱ መከላከያ ይሰበስብ ነበር እንጂ ችግሩን አያወጣም ነበር። የራሳችን አበጋሮች ከዚህ ይሻላሉ። ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ በዳይም ተበዳይም ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማሉ፤ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ፍርድ የለም። ደም የሚያስታርቀው ትዕግሥት ለአንድ የሐሙስ ሪፖርት እንዴት ይነሣል? ደግሞም «አለቀ ወይ?» ብሎ የጠየቀ አለቃ «አልቋል» ይባላል። «ምን ጎደለህ?» ብሎ የጠየቀ ግን የጎደለውን ይሰማል። የእኔ አለቃ ያን ቀን በበሩ ሲያልፉ ሁለተኛውን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ «ፊርማ» እል ነበር ብዬ አስባለሁ። ጥፋቱን ወደ እርሳቸው ማዞሬ አይደለም፤ አላህ ይርሐማቸው፣ ጥሩ ሰው ነበሩ።

እናቶችና አባቶችም በቤታችሁ አንድ ነገር ታዘቡ። ልጁ ብርጭቆ ሰብሮ ሊነግራችሁ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምንድን ነው? መሥሪያ ቤት ገብቶ «እሺ» ብሎ የሚወጣው ሠራተኛ ያደገው ከየት ይመስላችኋል?

እህቴ፣ የማረሚያውን ደብዳቤ ለመጻፍ ከከበደሽ ረቂቁን ላኪልን፤ አብረን እናየዋለን። ሰኞ ጠዋት ገብተሽ አለቃሽ ምን እንዳሉሽም ጻፊልን። የቀበሌዋ ትክክለኛ ቁጥር ሲደርስሽ ከሞላሽው በስንት እንደሚለይ ማወቅ እንፈልጋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።